ጀልባ የተባለው ጃንጥላ

ዜናውን የሰማው ጃንጥላ ጭኑ ላይ ገልብጦ ሽቦ ሲያስር ነው። ሬዲዮኑ እንደ ወትሮው ከራሱ በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ያወራል፤ እሱም እንደ ወትሮው ግማሹን እየሰማ ግማሹን እያሳለፈ ይሠራል። የኳስ ወሬ አለፈ፤ የአየር ጠባይ አለፈ። ከዚያ አንዲት ሴት ረጋ ብላ ማስታወቂያ አነበበች። ከጎርፉ በኋላ ወንዝ ዳር የአንዲት ወጣት ሴት አስከሬን ተገኝቷል። ፊቷን መለየት አልተቻለም። በግራ ክንዷ የውስጥ በኩል፣ ምሰሶዋ ጫፉ ላይ የታጠፈ የጀልባ ንቅሳት አለ። የሚያውቃት ሰው እስከ ዓርብ ድረስ ለከተማው ሆስፒታል ያሳውቅ፤ የሚጠይቃት ከሌለ ማዘጋጃ ቤቱ ይቀብራታል።

«ግራ ክንድ» ስትል ትንፋሹን ያዘ። «ጀልባ» ስትል ለቀቀው። ወደ ሥራው ሊመለስ ቀና ያለ አንገቱን አቀርቅሮ ጭኑን አየ። ጥቁሩ ጨርቅ ሆዱን ወደ ታች አድርጎ ተንጋሏል፤ ዘንጉ መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እጀታው ከላይ ጎበጥ ብሏል። ጀልባ ነው። ምንም አልጎደለውም።

እጁ ሽቦው ላይ እንዳለ ቀረ።

ስልኩ ሲጮኽ ሚስቱ እንደሆነች ሳያይ አወቀ። ልብስ እጥበት ቤት በካውያ ተኳሽነት ትሠራለች፤ እዚያም ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ልቤ እግሬ ሥር ወርዶ ነበር እኮ! ወጣት ሴት አለች፣ ዝም አልኩ። ግራ ክንድ ስትል ካውያውን የሰው ሸሚዝ ላይ ረስቼው ጢሱ ነው የቀሰቀሰኝ። ጀልባ ስትል ነው ነፍሴ የተመለሰችልኝ። የኛ ልጅ ክንድ ላይ ያለችው ጃንጥላ ናት።»

«ጃንጥላ ናት» አለ።

«ተመስገን በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ተመስገን።»

ይህችን ቃል ካወጣት በኋላ የሚመልስበት መንገድ ጠፋው።

የሚሠራበት ቦታ የአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ነው። ጣሪያው ደረጃው ራሱ ስለሆነ ከመግቢያው በኩል ብቻ ቀጥ ብሎ መቆም ይቻላል፤ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ማጎንበስ፣ ከዚያ መቀመጥ፣ ከዚያ ወዲያ ዕቃ ብቻ ነው። የወጪ ወራጁ እግር ከራሱ በላይ ሲረግጥ ይውላል፤ ርምጃቸውን ለይቶ ደንበኞቹን ገና ሳይታዩ በስማቸው ይጠራቸዋል። ሙያውን ከአጎቱ ነው የለመደው። አጎቱ ጃንጥላ የሚታከመው ተገልብጦ ነው ይል ነበር፤ ከላይ ሆነህ ብታየው ጤነኛ ነው፣ ሕመሙ ያለው ከውስጥ ነው እያለ።

ሰፈሩ ስሙን ትቶታል። ሰማዩ ሲጠቁር ፊቱ የሚፈካ እሱ ብቻ በመሆኑ «ጋሽ ደመና» ይሉታል። ሚስቱንም ያገኛት በዚሁ ሥራ ነው። ጃንጥላዋን ሰጥታው ሄደች፤ ዶፍ ሲወርድ ልትወስደው ስትመጣ ገና አልነካውም ነበር። «ጠጋኝ ነህ ወይስ የጃንጥላ እስር ቤት?» ብላ ደረጃው ሥር ተጠልላ ጨርሶ እስኪሰጣት ድረስ ስትሰድበው ዋለች። ልጅ ሲወልዱ አጠገቡ ያለው ቁልፍ ቀራጭ፣ ደመና ከወለደ የሚወልደው ጠብታ ነው ብሎ ቀለደ። ልጅቱ ጠብታ ተብላ ቀረች።

ጠብታ ካደገች በኋላ አንድ ቀን ደረጃው ሥር መጥታ «አባዬ፣ ተነስ፣ ቦርሳዬን የምትይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለችው። የወሰደችው ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ ወዳለ ጠባብ ክፍል ነው። ነቃሹ «መርፌ» የሚሉት ቀጭን ጎረምሳ ነው። ጃንጥላ እንደምትፈልግ ነገረችው፤ ቀጥላም ክንዷን ወደ ፊት ዘርግታ ጨርቁ ወደ መዳፏ፣ እጀታው ወደ ክርኗ እንዲሆን አሳየችው።

«እህቴ፣ እንደዚህማ ተገልብጧል» አለ መርፌ። «እጅሽን ስታወርጂ ለሚያይሽ ሰው ቁልቁል ነው የሚሆነው። እኛ የምንሠራው ሰው እንዲያየው አድርገን ነው።»

«ሰው ምን ቤት ነው? የማየው እኔ ነኝ።»

«በኋላ መርፌ ገልብጦ ነቀሰኝ እያልሽ ስሜን እንዳታጠፊ።»

«አባዬ ምስክር ነው። አይደል አባዬ?»

«ምስክር ነኝ» አለ ቦርሳዋን እንዳቀፈ።

«ደግሞ አንዷን ሽቦ ከጨርቁ አውጣት። የአባቴ ደንበኛ ትምሰል።»

ሦስቱም ሳቁ። እናትየው ግን አልሳቀችም። «ቆዳሽ ግድግዳ ነው የሚጻፍበት?» ብላ ተቆጣች። ጠብታ እንደ ትራፊክ ፖሊስ መዳፏን ሽቅብ አንስታ ክንዷን ደቀነችባት፤ እጇ ሽቅብ ሲሆን ጃንጥላው ለሚያየውም ሰው ቀጥ ይላል። «እይ እማዬ፣ ከእንግዲህ ዝናብ አይነካኝም!» አለች። እናትየው ወደ ጓዳ ገባች። የኋላ ኋላ ግን ለመደችው፤ ልጅቱ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ በስልክ ስንብቷ ሁሉ «በይ፣ ጃንጥላሽን ያዢ» ሆነ። ሁልጊዜ እንደዚያ፣ ሽቅብ ብቻ ነው ያየችው። እጇን አውርዳ ስትቆም ምን እንደሚመስል ልብ ብላ አላየችውም።

ዝናቡ ከበረታ ወዲህ ጠብታ አልደወለችም። ስልኳ አይጠራም። ፋብሪካው ጎርፍ መንገዱን ስለቆረጠው ሠራተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ተበትኗል አለ። እናትየው መስመር ተበላሽቶ ነው አለች። እሱም መስመር ነው አለ።

ከሬዲዮው ዜና በኋላ ቤቱ ፍጹም ተለወጠ፤ ችግሩ የተለወጠው ወደ ደስታ መሆኑ ነው። ሚስቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ውላ ስትገባ እያንጎራጎረች ነው። ለጎረቤት ሁሉ «ጀልባ ነው አሉ እኮ! የማን ልጅ ትሆን፣ እናቷን ያጽናት» ትላለች። ማታ ራት ላይ «ያቺ ልጅ ግን ሰው አገኘች ይሆን?» ብላ ትጠይቀዋለች። ውሃ ይጠጣል። «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላል። ልንገራት ብሎ አፉን ሲከፍት እሷ ትቀድመዋለች፤ ልጇ ስትመለስ የምትተኛበትን አልጋ ከመስኮቱ ነፋስ ልታርቀው ፈልጋ «ና ያዝልኝ» ትለዋለች። ይይዝላታል። አልጋውን ወዲያ ማዶ ያደርሱታል።

ሐሙስ ዕለት ሱቁን ሳይከፍት ለቁልፍ ቀራጩ «ዕቃ ልገዛ ነው» ብሎ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። የአስከሬን ክፍሉ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ ነው። ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ አለ። አግዳሚው ላይ ጺሙ የበቀለ፣ እጁ በዘይት የጠቆረ ሹፌር ተቀምጧል። ወዲያው ፈቀቅ አለለት።

«አባባ፣ እርስዎም ሰው ጠፍቶብዎት ነው?»

«አይ… ወሬ ልጠይቅ ነው።»

«እኔስ አገኘሁ» አለ ሹፌሩ። ሰው አጥቶ የቆየ ወሬ ነውና ሳይጠየቅ ቀጠለ። «እህቴ ናት። ከቤት አኩርፋ ወጣች። ክንዷ ላይ ጀልባ አስነቅሳለች ብላ የነገረችኝ ጓደኛዋ ናት፤ እኔ አላየሁትም። ሬዲዮው ጀልባ ሲል መኪናዬን መንገድ መሃል አቆምኩት። ከኋላዬ ያለው ሁሉ እናት አባቴን ሲሰድብ አልሰማሁም። ይገርምዎታል አባባ፣ ደስ አለኝ። ይኼ ደስ የሚል ነገር ነው? ግን ደስ አለኝ።»

«አልፈርድብህም ልጄ።»

«የየከተማውን ሆስፒታል በር አውቀዋለሁ። ጭነት አራግፌ ስመለስ ሬሳ እያየሁ ነው የምገባው። እናቴ ነፋስ በሩን ባንኳኳው ቁጥር ተነስታ ትከፍታለች። አሁን ሳጥኑን መኪናው ላይ ጭኜ መጥቻለሁ። ልፈርምና ልውሰዳት። ልቅበራትና ፍለጋው ይብቃኝ።»

ጃንጥላ ጠጋኙ ሽማግሌ «መጣሁ» ብሎ ወደ ግቢው ወጣ። መኪናው አጥሩ ሥር ቆሟል። ሸራው ተገልጦ የአዲስ ጣውላ ሳጥን ይታያል፤ በደንብ የተላገ፣ ጠርዙ የተስተካከለ። እጁን አስደገፈበት። ይውሰዳት፣ አለ በልቡ። ይህ ልጅ ያለቅስላታል። እናቱ ታለቅስላታለች። ማዘጋጃ ቤት ከሚጥላት ይሻላታል። ሚስቴም ቤት ሆና አልጋ እያዞረች ትጠብቃለች፤ መጠበቅ ይገድላል እንዴ? እኔ አፌን ከዘጋሁ ማንም አይጎዳም።

ወደ በሩ ተራመደ። ዘበኛው «ጨረሱ አባባ?» አለው። «ጨረስኩ» ሊል ሲል የሹፌሩ ቃል ጆሮው ውስጥ ዞረ፤ ፍለጋው ይብቃኝ። ያቺ ባለ ጀልባዋ የሹፌሩ እህት አንድ ቦታ አለች። በሕይወት ትኑር፣ ሌላ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ትተኛ፣ አይታወቅም። ዛሬ እሱ ወደ ቤቱ ከሄደ ግን ከእንግዲህ የሚፈልጋት ሰው የለም። ዞሮ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰ።

አስከሬን የምትመዘግበውና የምታስረክበው የክፍሉ ፎቶ አንሺ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጎልማሳ ሴት ናት። ሹፌሩ ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብሎ እስክሪብቶ ይዟል።

«አባባ፣ ተራዎን ይጠብቁ» አለች።

«ፎቶውን ብቻ ልየው ልጄ። ከመፈረሙ በፊት።»

«ዘመድ ነዎት?»

«ካየሁ በኋላ እነግርሻለሁ።»

ሴትየዋ አየችው፤ ከዚያ ሹፌሩን አየች፤ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ክንድ ብቻ ነው። አጠገቡ ማስመሪያ ተጋድሟል። ጣቶቹ ወደ ታች ናቸው። ሥዕሉ ጀልባ ነው፤ ጥርት ያለ ጀልባ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ልቡ ተነሳ፤ ተሳስቼ ይሆናል፣ አለ። ከዚያ አውራ ጣቱን ፎቶው ጥግ ላይ አድርጎ አዞረው።

ጃንጥላ ሆነ። በአንድ በኩል አንዲት ሽቦ ከጨርቁ ወጥታለች።

«አንዷ ሽቦ ወጥታለች» አለ።

«የምን ሽቦ?» አለ ሹፌሩ። «መቅዘፊያ ናት እሷ!»

«ጃንጥላ ነው ልጄ። ልጄ ናት። ስትነቀስ አጠገቧ ነበርኩ፤ እሷ እንድታየው ነው የተሠራው።»

ፎቶ አንሺዋ መነጽሯን አወረደች። «እኛ የምናነሳው ጣት ወደ ታች አድርገን ነው» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰው ቆሞ እጁን እንደሚያወርድ። ንቅሳትም አብዛኛው በዚያ በኩል ነው የሚነበበው። ጀልባ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያደግኩት ውሃ ዳር ነው፤ ጎበጥ ያለ ነገር ሁሉ ጀልባ ይመስለኛል።» ፎቶውን አዞረችው፣ መልሳ አዞረችው። «ሌላ ምልክት ያውቃሉ?»

«ቀኝ ጆሮዋ ሁለት ቦታ የተበሳ ነው። የላይኛው ቁስል ሆኖባት ተደፍኗል፤ ጠባሳው አለ።»

ሴትየዋ ሌላ ፎቶ አውጥታ ብቻዋን አየች። ከዚያ እስክሪብቶውን ከሹፌሩ እጅ ወሰደች።

«የሴት ሁሉ ጆሮ የተበሳ ነው!» አለ ሹፌሩ። ወደ ሽማግሌው ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ወሬ ልጠይቅ ነው አላሉኝም? አጠገቤ ተቀምጠው ሁሉን አስለፈለፉኝ እኮ!»

«አልኩህ። ዋሸሁህ።»

«ወረቀት ዞረ ተብሎ ሰው እህቱን ይቀማል? እ? ሳጥኑን ምን ላድርገው? እናቴን ምን ልበላት?»

ፎቶ አንሺዋ ወንበር ሳበችለት። «በሥዕል ብቻ ለማንም አልሰጥም» አለች። «ቅድም ላስፈርምህ ነበር፤ ስህተቱ የኔ ነው። ቀለሙ ከታችኛው ቆዳ ውስጥ ስለሆነ ውሃ አይወስደውም፤ ለዚህ ነው የምናምነው። ግን ምን እንደሚመስል የሚናገረው የሚያየው ሰው ነው። ሁለታችሁም ደም ትሰጣላችሁ። ማዘጋጃ ቤቱንም ቀብሩን አቆዩ እላለሁ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እናትየው አሉ?»

«አለች።»

«እሳቸውም ቢመጡ ጥሩ ነው። የአባትና የእናት ሲገኝ ነው እርግጡ የሚታወቀው።»

«አሟት ተኝታለች» አለ። ሚስቱ በዚያ ሰዓት ቆማ የሰው ሱሪ እየተኮሰች ነው።

ደም ሰጥተው ሲወጡ ዝናብ ጀምሯል። የሰውን ሁሉ ጃንጥላ ሲጠግን የኖረው ሰው የራሱን ረስቶ መጥቷል። ሹፌሩ አየውና የመኪናውን በር ከፈተለት። «ይግቡ እንጂ። እርስዎን በዝናብ አስመትቼ የባሰ አይምጣብኝ።» ሳጥኑ ከኋላቸው መኪናው በተናጠ ቁጥር ጓ፣ ጓ ይላል።

«ለሚስትዎ ምን ይሏቸዋል?»

«አላውቅም።»

«እኔስ ለእናቴ አገኘኋት ብዬ ደውያለሁ» አለ ሹፌሩ። ሽማግሌው፣ ሚስቱ ሳጥኑን ከቤቱ በር ላይ እንዳታየው ብሎ ገና ከሩቁ፣ የሰፈሩ መታጠፊያ ላይ አውርደኝ አለ። ረጥቦ ሲገባ ሚስቱ ፎጣ ወረወረችለት። «ጉድ ነው! ጃንጥላ ጠጋኝ እንደ ዶሮ በስብሶ ገባ! ሰው እንዳያይህ፣ ደንበኛ ታጣለህ!» እያለች ፀጉሩን አሸችለት። በፎጣው ውስጥ ፊቱን እንደሸፈነ ቆየ። ተስማምቶት መሰላት።

የደሙ ውጤት እስኪመጣ ጊዜ ወሰደ። ደረጃው ሥር ሆኖ ሥራ ይሠራል፤ ሬዲዮኑን ግን መክፈት ትቷል። ስልክ በጠራ ቁጥር በመጀመሪያ የሚያየው የሚስቱ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። አንድ ረፋድ ላይ ሹፌሩ ደወለ።

«አባባ፣ የኔ አይደለችም አሉኝ። እናቴ ስነግራት ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላ ደግሞ በሩን ክፈተው አለች። ይኸው መንገድ ላይ ነኝ። ልሰድብዎት ነበር የደወልኩት፤ ጠፋብኝ።»

«ስደበኝ ልጄ።»

«ሌላ ጊዜ» አለና ዘጋው።

ፎቶ አንሺዋ የደወለችው ከሱ በኋላ ነው። የአባትየው ደም ከአስከሬኑ ጋር ይቀራረባል፤ ግን አስከሬኑ ውሃ ውስጥ ስለቆየ ሐኪሞቹ በዚህ ብቻ ስም አንሰጥም ብለዋል። እናትየው ይምጡ። ድምፅዋ ከዚያ ዝቅ አለ። «አባባ፣ ሕመሙ አልተሻላቸውም?»

«ይሻላታል» አላት።

ያን ምሽት ሚስቱ አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ ስታነጥፍ በሩ ላይ ቆመ።

«ስሚ እንጂ» አለ።

«ጠብታ ጋ ደውለህ ዝም ብላህ ነው? እኔንም ዝም ብላኛለች። ያንተ ልጅ አይደለች፣ ኩርፊያው ከየት መጣ! ስትመጣ ግን አልምራትም፤ ጆሮዋን ነው የምጎትተው።»

«ነገ ከኔ ጋር ሆስፒታል ትሄጃለሽ?»

አንሶላውን እንደያዘች ቀና አለች። «ምን ሆንክ?»

ጥያቄው እንደዚህ ፊት ለፊት መጥቶለት አያውቅም። አፉን ከፈተ። በአንሶላው ወዲያ ማዶ ዓይኖቿ ፈዘው ይጠብቃሉ፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው።

«ጉልበቴን ነው» አለ።

«እሰይ! ስንት ዓመት ደረጃ ሥር እንደ መቀስ ተጣጥፈህ ስትውል፣ ኋላ ይያዝሃል አላልኩም?» ሳቋ ተመለሰ። «የነገው ልብስ ተቆልሏል፤ በሌላ ቀን እወስድሃለሁ። በል ያንን ጫፍ ያዝ።»

ጫፉን ያዘ። አንሶላውን ወጥረው አነጠፉት።

አስከሬኑ አሁንም ሆስፒታሉ ውስጥ ነው፤ በቁጥር ነው የሚጠራው። እናትየው ደም አልሰጠችም። እሱም አልነገራትም።